ለቤትዎ የትኛው አበባ? አምስት የሐሩር አገር አበቦች በብርሃን፣ በውሃና በዋጋ ሲመዘኑ

ችግኝ ጣቢያ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው። ሻጩም ስለ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይላል፦ «አያስቸግርም፣ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።» ከሁለት ወር በኋላ አበባው ይረግፋል፣ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆናል፣ ባለቤቱም «እኔ እጅ ላይ አበባ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የምርጫ ነው። ለጥላ የተፈጠረ ተክል ፀሐይ ላይ፣ ድርቀት የሚወድ ተክል በየቀኑ ከሚያጠጣ ሰው ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ አበባ ከመምረጥዎ በፊት መስኮትዎንና የውሃ አሰጣጥ ልማድዎን ይመዝኑ። እዚህ የሚነጻጸሩት ብዙ ሰው ፒስ ሊሊ የሚለው ስፓቲፊለም፣ አንቱሪየም፣ የአፍሪካ ቫዮሌት፣ ካላንቾ እና ፋሌኖፕሲስ ኦርኪድ ናቸው። ጉዝማንያ ሆን ተብሎ ቀርቷል። ደማቁ አናቱ ለወራት ቢያምርም አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እናት ተክሉ ስለሚሞትና ከሥሩ ያወጣቸው ልጆች እስኪያብቡ ረጅም ጊዜ ስለሚወስዱ፣ ተንከባክቦ ደጋግሞ ማበቡን ለማየት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ብርሃን። እኩለ ቀን ላይ ተክሉን ሊያስቀምጡ ባሰቡበት ቦታ ነጭ ወረቀት ያንጥፉና እጅዎን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉበት። የጣቶችዎ ጥላ ቁልጭ ብሎ ከታየ ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ዳር ዳሩ የደበዘዘ ግን የእጅ ቅርጽ ያለው ጥላ ከሆነ መካከለኛ ነው። ጥላው ጨርሶ ካልታየ ከአምስቱ አንዳቸውም እዚያ አያብቡም፤ ስፓቲፊለም በቅጠሉ ብቻ ይኖራል።

ከአውሮፓና ከአሜሪካ በተገለበጡ መመሪያዎች ላይ «ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ፀሐያማ ነው፣ ወደ ሰሜን የዞረው ጥላ ነው» የሚል ምክር በብዛት አለ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ይህ ምክር ለእኛ በግማሽ ብቻ ይሠራል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብልና በደቡብ መስኮት ገብታ ወለሉን ትመታለች። ዓመቱን ሙሉ የሚታመነው የምሥራቅ መስኮት ነው። የጠዋት ፀሐይ ለስለስ ያለ ስለሆነ ቅጠል አያቃጥልም። የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው የምዕራብ መስኮት ግን ስስ መጋረጃ ያስፈልገዋል፤ በከፍታ ቦታ ፀሐዩ ይበረታልና።

የውሃ እጅ። ሰው በሁለት ይከፈላል፦ አበባውን ባየ ቁጥር የሚያጠጣ እና ለሁለት ሳምንት የሚረሳ። ራስዎን በሐቅ ይመድቡ። በቤት ውስጥ አበባ የሚሞተው ከጥም ይልቅ በውሃ ብዛት ነው። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ያለማቋረጥ ከረሰረሰ አየር የሚይዘው ክፍተት በውሃ ይሞላል፣ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል።

የሌሊት ብርድ። የሐሩር አገር ተክሎች ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማሞቂያ የሌለው የደጋ ቤት ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ መስኮቱ ሥር ደግሞ ከዚያም ይቀዘቅዛል።

የቀሩት ሦስት መመዘኛዎች አጭር ናቸው። ተክሉ አንዴ ካበበ በኋላ ቤት ውስጥ ተመልሶ ያብባል ወይ? ቅጠሉን ወደ አፍ ለሚወስድ ሕፃን፣ ለድመትና ለውሻ አያሰጋም ወይ? በምን ያህል ዋጋ ይገዛል፣ ቤት ውስጥስ ይባዛል ወይ?

## ስፓቲፊለም፦ ሲጠማው የሚናገር

ለጀማሪ ከአምስቱ የሚሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩን አይደብቅም። ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉ ሁሉ ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል፤ ሲጠጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። ዝልፍልፍታውን እየጠበቁ ማጠጣት ግን ልማድ አይሁን፤ በተደጋገመ ቁጥር የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይሄዳሉ። አፈሩ ላይ ጣት ሲያስገቡ የላይኛው 2 ሳንቲ ሜትር ከደረቀ ጊዜው ነው። አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መትከያ ግማሽ ሊትር ያህል ቀስ እያሉ፣ ከሥር እስኪፈስ ያጠጡ። ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ከ20 ደቂቃ በኋላ ይድፉት።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። በውሃ ብዛት ሥሩ የበሰበሰ ስፓቲፊለምም እንደተጠማው ሁሉ ዝልፍልፍ ይላል፤ ሥር ከሌለው ውሃ መሳብ አይችልምና። ሰው ይህን አይቶ ውሃ ይጨምርበታል፣ ተክሉም ያልቃል። መለያው ክብደት ነው። መትከያውን ያንሱት፦ ከቀለለ ጥም ነው። ከከበደና ከወደቀ ብስባሽ ነው። በዚህ ጊዜ ነቅለው ጥቁርና ልስልስ ያለውን ሥር በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ፣ ነጩን ያስቀሩ፣ በአዲስ አፈርና በአነስተኛ መትከያ ይትከሉ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስገዛው አብቦ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ለምን እንቢ አለ?» የሚለውን ነው። ለገበያ የሚያመርቱ ብዙ ድርጅቶች ተክሉ ገና ለጋ ሳለ ጂበሪሊክ አሲድ የተባለ የዕድገት ሆርሞን ይረጩበታል፤ ከወቅቱ ውጭ በአንድ ጊዜ ያብባል። ቤት ከገባ በኋላ በራሱ አቅም ለማበብ መብሰል አለበት፣ ብርሃንም ያስፈልገዋል። ጥላን ይችላል ማለት በጥላ ያብባል ማለት አይደለም። ከምሥራቅ መስኮት በአንድ ሜትር ርቀት ውስጥ ይሁን። ነጩ ነገር አበባው ሳይሆን አበባውን የያዘው ቅጠል ነው፤ ትክክለኛዎቹ አበቦች መሐሉ ባለው ዘንግ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። ነጩ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ አገዳውን ከሥሩ ይቁረጡት።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ የሚሆነው ከደረቅ አየር፣ ከተጠራቀመ የማዳበሪያ ጨው ወይም በውሃው ውስጥ ካለው ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይዳቸው ከፍ ያለ ነው፤ ማፍላት አያስወግደውም፣ እንዲያውም ያከረዋል። እዚያ ለሚኖር ሰው የክረምት ዝናብ ውሃ በጄሪካን አጠራቅሞ ማጠጣት ቁርጥ ያለ መፍትሔ ነው።

ቅጠሉና ግንዱ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ መሳይ ክሪስታሎች አሉት። ያኘከ ሕፃን ወይም ድመት አፉ ይቃጠላል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል።

## አንቱሪየም፦ ብርሃን ላለው ብቻ

ከስፓቲፊለም ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ባሕርዩ ግን ጠንከር ይላል። ቀዩ፣ ሮዙ ወይም ነጩ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይጠወልግ ይቆያል። አበባው የሚወጣው ከአዲስ ቅጠል ብብት ስለሆነ፣ ደህና ብርሃን ያገኘ አንቱሪየም ቅጠል ባወጣ ቁጥር አበባ ያስከትላል። ብርሃን ካጣ ደግሞ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ የቅጠሉም አገዳ እየረዘመ ይሄዳል። በጥላው ፈተና መካከለኛ ጥላ የሚታይበት፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ነው የሱ ስፍራ።

ትልቁ ጉዳይ አፈር ነው። በትውልድ አገሩ፣ በኮሎምቢያና በኢኳዶር ጫካ፣ ሥሩ አየር እንደልብ የሚያገኝ ተክል ነው። የጓሮ አፈር ውስጥ ከተተከለ በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። 1 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት፣ 1 እጅ ፑሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይቀላቅሉ። ብሎኬት አምራቾች ዘንድ የሚገኘው ፑሚስ በደንብ ታጥቦ ከተነፋ ይሆናል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ይምረጡ። ከ15 ዲግሪ በታች ዕድገቱን ያቆማል፣ ስለዚህ በብርዱ ወራት ውሃውን ይቀንሱለት። የአፉን ቃጠሎ በሚመለከት ከስፓቲፊለም አይለይም።

## የአፍሪካ ቫዮሌት፦ ሳይገባው የተረሳው

ለደጋ ቤት ከሁሉም ይበልጥ የሚስማማው ይህ ሆኖ ሳለ በየቤቱ የምናየው ጥቂት ነው። ዘሩ የጎረቤት ነው፤ በዱር የሚበቅለው በታንዛኒያና በኬንያ ተራራማ ጫካዎች ሲሆን፣ በ1892 በኡሳምባራ ተራሮች የጀርመን ቅኝ አስተዳዳሪ የነበረው ቫልተር ፎን ሴንት ፖል ዘሩን ወደ አውሮፓ ልኮ ነው ዓለም ያወቀው። ቁመቱ ከስንዝር አይዘልም፣ የመስኮት ደፍ ይበቃዋል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይመቸዋል። የምሥራቅ መስኮት ካገኘ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ያብባል። ለድመት፣ ለውሻና ለሕፃን መርዛማ አይደለም።

የሚያስቸግረው ቅጠሉ ነው። ጸጉራም ቅጠሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ሕዋሱ ይጎዳና ቢጫ ወይም ነጭ ጠቃጠቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ አይጠፋም። ስለዚህ ከታች ያጠጡት። ሰሃን ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ለብ ያለ ውሃ ያድርጉ፣ መትከያውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስቀምጡበት፣ የላይኛው አፈር ሲረጥብ የተረፈውን ይድፉ። በወር አንድ ጊዜ ቅጠሉን ሳይነኩ ከላይ ያጠጡ፤ ከታች ብቻ ሲጠጣ ላይ የሚጠራቀመው ጨው ታጥቦ ይወርዳል።

ለሚረሳ ወይም ለሚጓዝ ሰው ክር ማስገባት ይቻላል። ሲተክሉ የናይለን ክር በመትከያው ቀዳዳ አሳልፈው ግማሹን አፈር ውስጥ ያድርጉ፣ የቀረውን ውሃ ወዳለበት ዕቃ ያውርዱ። የጥጥ ክር ስለሚበሰብስ አይሆንም። በዚህ መንገድ ሲሆን አፈሩ በጣም የሳሳ፣ ግማሹ ደቃቅ ፑሚስ መሆን አለበት፤ አለዚያ ክሩ ሁልጊዜ ያረሰርሰዋል።

ሰፊ መትከያ ቫዮሌትን ያዘገየዋል። የመትከያው አፍ የቅጠሎቹ ስፋት አንድ ሦስተኛ ይሁን፤ ቅጠሎቹ 27 ሳንቲ ሜትር ከተዘረጉ 9 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በአንድ ቅጠል ይባዛል፦ ጤናማ ቅጠል ከ3 ሳንቲ ሜትር አገዳው ጋር ሰያፍ ይቁረጡ፣ እርጥብ የሳሳ አፈር ላይ ይሰኩ፣ በላስቲክ ይሸፍኑ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ትናንሽ ልጆች ብቅ ይላሉ። ከአንድ መትከያ ለጎረቤትና ለዘመድ ማዳረስ የሚቻለው በዚህ ነው።

## ካላንቾ፦ ለረሺና ለፀሐያማ በረንዳ

የገጠር ሰው እንዳሁላን ያውቃል፤ ካላንቾ የዚያ ዘመድ ነው፤ በችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው ግን ከማዳጋስካር የመጣው ዝርያ ነው። ወፍራም ቅጠሉ ውሃ ያጠራቅማል። በ10 ወይም በ14 ቀን አንድ ጊዜ፣ አፈሩ ጨርሶ ሲደርቅ ማጠጣት ይበቃዋል። በየቀኑ የሚያጠጣ ሰው አይግዛው፤ ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ይልፈሰፈሳል። በዋጋ ብዙ ጊዜ ከአምስቱ ርካሹ ነው፣ በቁራጭም በቀላሉ ይባዛል፦ 8 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ቆርጠው ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይተዉትና ይትከሉት።

አንዴ ካበበ በኋላ እንደገና የማያብበው ስለ ሌሊት ነው። ካላንቾ አበባ የሚቋጥረው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በአዲስ አበባ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ በረንዳ ላይ ያለ ካላንቾ ራሱ ሊቋጥር ይችላል፤ ሳሎን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት አምፖል የሚበራበት ግን ሌሊት መሆኑን አያውቅም። መፍትሔው ካርቶን ነው። ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይሸፍኑት፣ ቀን ፀሐይ ያግኝ። እምቡጥ ሲታይ መሸፈኑን ያቁሙ።

ልብን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለው ለድመት፣ ለውሻ፣ ለበግና ለከብት አደገኛ ነው። ግቢዎ ውስጥ በግ የሚታሰር ከሆነ ቁራጩን ሜዳ ላይ አይጣሉ።

## ፋሌኖፕሲስ ኦርኪድ፦ ከስሙ የቀለለ

ውድ ነው፤ የሚያስፈራውም ዋጋው እንጂ አያያዙ አይደለም። አበባው ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል። አዲስ አገዳ ለማውጣት ለጥቂት ሳምንታት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ የሚሆን ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል። ማሞቂያ ባለበት አገር ሰዎች ይህን ለማግኘት ይቸገራሉ፤ የደጋ ቤት ግን በጥቅምትና በኅዳር ያለ ምንም ድካም ይሰጠዋል።

አፈር ውስጥ በጭራሽ አይተከልም። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዛፍ ቅርፊት፣ ጥቂት የከሰል ቁራጭ፣ ሥሩ የሚታይበት ግልጽ ፕላስቲክ መትከያ፤ በቃ። ሥሩ ብርማ ሲሆን ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ሲሆን ጠጥቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ መትከያውን ለ10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይንከሩና አንጠፍጥፈው ይመልሱት። ቅጠሎቹ መሐል ውሃ አድሮ ከቆየ ልቡ ይበሰብሳል፤ ከገባ በሶፍት ያድርቁ።

እምቡጡ ሳይፈነዳ ከረገፈ አካባቢውን ይመልከቱ። የበሰለ ሙዝና አቮካዶ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ የከሰልና የዕጣን ጭስም ይህንኑ ጋዝ ይይዛል። ቡና ከሚፈላበት ጥግና ከፍራፍሬ ሳህን ያርቁት። አበባው ሲያልቅ አገዳው አረንጓዴ ከሆነና ቅጠሉ ከአራት በላይ ከሆነ ከታች ሲቆጠር ከሦስተኛው አንጓ በላይ ይቁረጡ፤ ከዚያ አንጓ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቅጠሉ ጥቂት ከሆነ ግን ከሥሩ ይቁረጡት፣ ጉልበቱን ለቅጠልና ለሥር ያውለው።

## በአንድ እይታ

| | ብርሃን | ውሃ | የሚችለው የሌሊት ቅዝቃዜ | ተመልሶ ማበብ | ለሕፃንና ለእንስሳ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ስፓቲፊለም | ከትንሽ እስከ መካከለኛ | ላዩ ሲደርቅ | እስከ 13 ዲግሪ | በብርሃን ከሆነ ደህና | አፍ ያቃጥላል | መካከለኛ |
| አንቱሪየም | መካከለኛ፣ ያለ ቀጥታ ፀሐይ | 3 ሳ.ሜ. ሲደርቅ | እስከ 15 | ከአዲስ ቅጠል ጋር | አፍ ያቃጥላል | ከፍ ያለ |
| የአፍሪካ ቫዮሌት | የምሥራቅ መስኮት | ከታች፣ ለብ ያለ | እስከ 15 | በጣም ጥሩ | አያሰጋም | አነስተኛ |
| ካላንቾ | ፀሐይ | በ10–14 ቀን | እስከ 10 | ረጅም ሌሊት ካገኘ | መርዛማ | ርካሽ |
| ፋሌኖፕሲስ | መካከለኛ | በሳምንት አንዴ | እስከ 15 | በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ | አያሰጋም | ውድ |

## ለማን የትኛው

አንድ መስኮት ብቻ ያለው፣ ፊቱ ሌላ ሕንፃ የቆመበት ኮንዶሚኒየም፦ ስፓቲፊለም። አበባው ጥቂት ቢሆንም ቅጠሉ ቤቱን ያሳምራል። ሌላውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዳዴ የሚል ሕፃን ወይም ድመት ላለበት ቤት ምርጫው ቫዮሌትና ኦርኪድ ናቸው። በጀት ካጠረ ቫዮሌት።

በየጊዜው ክፍለ ሀገር ለሥራ የሚወጣ ሰው ፀሐያማ በረንዳ ካለው ካላንቾ፣ ከሌለው ባለ ክር ቫዮሌት ይያዝ። ለቢሮ ስፓቲፊለም ይሻላል፤ ግን ኃላፊነቱ የአንድ ሰው ይሁን። አምስት ሰው በየተራ የሚያጠጣው ተክል ይሰምጣል። ለስጦታ ከሆነ እና አቅም ካለ ኦርኪድ ወይም አንቱሪየም ረጅም ጊዜ ስለሚያብብ ከተቆረጠ አበባ ይበልጣል።

በድሬዳዋ ወይም በአዳማ ሙቀት ስፓቲፊለምና አንቱሪየም ይደሰታሉ፣ ኦርኪድ ግን ቀዝቃዛ ሌሊት አጥቶ ቅጠል ብቻ ሊያወጣ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ማንኛውንም ከኤሲ ንፋስ መስመር ያርቁ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ንፋስ እምቡጥ ያረግፋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ቀኑ አጭርና ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ተክሉን ወደ ደቡብ መስኮት ማስጠጋት፣ ከማሞቂያው በላይ ግን አለማስቀመጥ ነው።

## ሲገዙና ቤት ሲያደርሱ

ሁሉም አበባ የፈነዳበትን ሳይሆን እምቡጥ የበዛበትን ይምረጡ። ቅጠሉን ገልብጠው ብብቱን ይዩ፤ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ካለ ሜሊባግ የተባለ ተባይ ነው፣ ተክሉን ይተዉት። ቤት ውስጥ ከተገኘ በ70 በመቶ አልኮል የተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ መጥረግና ከሳምንት በኋላ መድገም ያጠፋዋል። የቫዮሌት ጸጉራም ቅጠል ላይ ግን ጥጡን አይፈትጉ፣ ተባዩን ብቻ በጫፉ ይንኩ።

በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት መረሬ አፈር የተሞላ ተክል በብዛት ይሸጣል። መረሬ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ተክሉ ቤቱን እንዲለምድ ሁለት ሳምንት ሰጥተው፣ አበባ ላይ ከሆነ እስኪያልቅ ጠብቀው ያዛውሩት። ለስፓቲፊለም 2 እጅ ኮምፖስት ያለበት ለም አፈርና 1 እጅ ፑሚስ፣ ለካላንቾ እኩል በእኩል። አዲሱ መትከያ ከድሮው በ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፣ ከሥሩም ቀዳዳ ይኑረው። ጠጠር ከሥር መደርደር ቀዳዳን አይተካም።

ዩሪያና ዳፕ ለማሳ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ትንሽ መትከያ ውስጥ አንድ ቁንጥር እንኳ ሥር ሊያቃጥል ይችላል፤ ባያቃጥልም ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የአበባ ማዳበሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በወር አንድ ጊዜ፣ እርጥብ አፈር ላይ ይስጡ። የቡና አተላ እርጥቡን ላዩ ላይ መድፋትም ይቅር፤ ይጋገርና ይሻግታል፣ የምታስቸግረዋን ትንሽ ጥቁር ዝንብም ይጠራል። መጀመሪያ ኮምፖስት ጉድጓድ ገብቶ ይብላላ።